አፈሩን ልለውጥ ወይስ ተክሉን? ለአስቸጋሪ ጓሮ የንጽጽር መመሪያ

የመጀመሪያዋ የሎሚ ችግኜ የሞተችው ውሃ ጠምቷት አይደለም። ሰጥማ ነው።

ጓሮዬ ዋልካ፣ ማለትም ሸክላ የበዛበት አፈር ነው። ሲዘንብ ጫማ ይነጥቃል፤ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈርኩ። የወጣውን አፈር ጣልኩት። ጉድጓዱን በኮምፖስትና ከሌላ ቦታ ባመጣሁት ለስላሳ አፈር ሞላሁት። ችግኟ ሁለት ወር ያህል ደስ ብሏት አደገች። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን ውሃ ያነሳት መስሎኝ ጨመርኩላት። በመጨረሻ ስነቅላት ሥሯ ጠቁሯል፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

ምን ሆነ? በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሸክላ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። እኔ የሞላሁት ለስላሳ አፈር ግን ያገኘውን ሁሉ ያስገባል። ስለዚህ በአካባቢው የወረደው ውሃ ወደዚያች ጉድጓድ ገባና መውጫ አጣ። በገዛ እጄ ገንዳ ቆፍሬ ሎሚዬን ዘፈዘፍኳት ማለት ነው። ሥር ደግሞ አየር ይፈልጋል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ከተሞላ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መምጠጥ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። ሰው ይህን ያይና ውሃ ይጨምራል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

አስቸጋሪ አፈር ያለው ሰው ሦስት ምርጫ አለው። አንደኛው አፈሩን ማሻሻል ነው። ሁለተኛው አፈሩን እንዳለ ተቀብሎ የሚስማማውን ተክል መፈለግ ነው። ሦስተኛው መሬቱን ትቶ ከፍ ባለ መደብ ወይም በማሰሮ መትከል ነው። አብዛኛው ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኔ ከሁለተኛው ጀምሩ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ከማስረዳቴ በፊት ግን እግራችሁ ሥር ያለው ምን እንደሆነ እንለይ።

በመጀመሪያ አፈሩን በእጅ መፈተሽ

ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ፈተናዎች አሉ። ሦስቱንም በአንድ ቅዳሜ መጀመር ይቻላል።

የመጀመሪያው በጣት የሚደረገው ነው። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ እፍኝ አፈር አውጡ። ጠብታ በጠብታ ውሃ እየጨመራችሁ እንደ ሊጥ አሹት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየጨመቃችሁ እንደ ጥብጣብ ወደ ውጭ ግፉት። ጨርሶ ጥብጣብ የማይሠራና እጃችሁ ላይ የሚፈረፈር ከሆነ አሸዋማ ነው። 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ የሚቆረጥ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ ለብዙ ተክል የሚመች አፈር አላችሁ። ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ሸክላ እየበዛበት ነው። ከ5 አልፎ ሳይበጠስ የሚንጠለጠል ከሆነ እውነተኛ ሸክላ ነው። የእኔው 7 ደርሶ ቀለበት ሲሠራ አይቻለሁ።

ሁለተኛው የብርጭቆ ጠርሙስ ፈተና ነው። ክዳን ያለው ጠርሙስ ሲሶውን አፈር ሙሉት። ውሃ ጨምሩበት፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናም ጣል አድርጉበት። ለደቂቃዎች በኃይል ንጡትና አስቀምጡት። አሸዋው በአንድ ደቂቃ አካባቢ ታች ይቀመጣል። ከእሱ የደቀቀው ደለል በሁለት ሰዓት ገደማ ይከተላል። ሸክላው ግን አንድና ሁለት ቀን ያስጠብቃል፤ ምክንያቱም የሸክላ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰች ናት። ከዚያ ሦስቱን ድርብ በማስመሪያ ለኩ። ከሞላ ጎደል 40 በመቶ አሸዋ፣ 40 በመቶ ደለልና 20 በመቶ ሸክላ ከሆነ ማንበብ አቁማችሁ መትከል ትችላላችሁ።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉትና ሙሉ በሙሉ እስኪሰርግ ተዉት። እንደገና ሙሉት፤ አሁን በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ ለኩ። ከ2.5 እስከ 7.5 ከሆነ ለአብዛኛው ተክል ደህና ነው። ከ2.5 በታች ከሆነ ውሃ ያቁራል። በሰዓት ከ10 በላይ ከወረደ ደግሞ ውሃ አያዝም፤ ያጠጣችሁት ሁሉ ሥር ሳይነካ ያልፋል። ይህን ፈተና አንድ ቦታ ብቻ አትሥሩት። የእኔ ጓሮ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ግን አጥሩ ሥር ያለው ጉድጓድ በጥቂት ሰዓታት ሲደርቅ መሃሉ ላይ ያለው በማግስቱም ውሃ ነበረው። ለሎሚዬ የመረጥኩት መሃሉን ነበር።

ሦስቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

አፈር ማሻሻል ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ስፋቱ ላይ ነው። የተለመደው ምክር 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖስት አልብሶ ከላይኛው 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ጋር መቀላቀል ነው። ይህ ለአንድ ካሬ ሜትር 50 ሊትር ማለት ነው። 10 ካሬ ሜትር ለሆነች የአትክልት ቦታ 500 ሊትር፣ ማለትም ባለ 50 ሊትር ከረጢት አሥር ጊዜ ተሸክሞ መመላለስ ነው። ይህ ይቻላል። 100 ካሬ ሜትር ለሆነ ጓሮ ግን 5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ወገብም ኪስም የሚጨርስ ነገር ነው። ደግሞ ኮምፖስት በአፈር ውስጥ ባሉ ተሕዋስያን እየተበላ ስለሚያልቅ አንዴ ጨምሮ መገላገል የለም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ መጨመር ይኖርበታል።

የአፈሩን ባሕርይ የሚወድ ተክል መምረጥ ግን የሚያስከፍለው ትዕግሥት ብቻ ነው። የምትመኙትን ሁሉ አታገኙም። ያገኛችሁት ግን ያለ ውጊያ ይኖራል። ለዛፍ፣ ለቁጥቋጦና ለዓመታት ለሚቆይ አበባ እኔ ሁልጊዜ ይህን እመርጣለሁ። የዛፍ ሥር ከግንዱ ርቆ ብዙ ሜትር ስለሚዘረጋ እናንተ ያሻሻላችኋትን አንድ ካሬ ሜትር ቶሎ አልፏት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚኖረው በእውነተኛው አፈር ውስጥ ነው።

ለአትክልት ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በየወቅቱ የሚዘሩ፣ ቦታ የማይፈጁ፣ ለስላሳ አፈር የሚወዱ ናቸው። ለእነሱ ትንሽ ቦታ መርጦ አፈሩን ማሻሻል ያዋጣል። ልፋቱ በየወቅቱ ምርት ይመልሳል።

ሦስተኛውን መንገድ፣ መደብና ማሰሮን፣ ለባሰበት ቦታ ነው የምተወው። የግንባታ ፍርስራሽ የሞላበት፣ ውሃ ተኝቶ የሚውልበት፣ የተበከለ ነው ተብሎ የሚጠረጠር፣ ወይም ሲሚንቶ የተነጠፈበት ግቢ። ወጪው ከሦስቱም ይበልጣል። ውጤቱ ግን በዚያው ወቅት ይታያል።

ሸክላ ወይም ዋልካ ከሆነ

የሸክላ አፈርን የሚራገም ሰው ብዙ ነው። እኔም ከመካከላቸው ነበርኩ። ነገር ግን ከአስቸጋሪዎቹ ሁሉ ሀብታሙ እሱ ነው። ደቃቃዎቹ ቅንጣቶች እንደ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ፖታሺየም ያሉ ማዕድናትን ይዘው ያቆያሉ። ውሃም ያቆያሉ። የጎደለው አየር ብቻ ነው።

አየር ለማስገባት ሰው ቶሎ የሚያስበው አሸዋ መቀላቀልን ነው። እባካችሁ ተዉት። የደቀቀው ሸክላ በአሸዋው መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላና ሲደርቅ ከበፊቱ የባሰ፣ ጡብ የሚመስል ነገር ይሆናል። አሸዋ ለውጥ የሚያመጣው ከአፈሩ ከግማሽ በላይ እስኪሆን ሲጨመር ነው። ያን ያህል አሸዋ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ጓሮውን እያሻሻለ ሳይሆን ሌላ ጓሮ እየገዛ ነው። ጂፕሰም የሚባለው ካልሲየም ያለበት ማዕድንም እንዲሁ ለሁሉም ሸክላ መድኃኒት ተደርጎ ይወራለታል። ጂፕሰም የሚሠራው ሶዲየም ለበዛበት አፈር ነው፤ ካልሲየሙ ሶዲየሙን ገፍትሮ ቦታውን ይይዛል። ሶዲየም ከሌለ የሚገፈትረው የለም። ለተራ ሸክላ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የሚሠራው ኮምፖስት ነው። የበሰበሰው ነገር የሸክላውን ቅንጣቶች ወደ ትናንሽ ጓል ያያይዛቸዋል፤ በጓሎቹ መካከል ደግሞ አየርና ውሃ መተላለፊያ ያገኛሉ። ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። እርጥብ ሸክላ ከቆፈራችሁ ወይም ከረገጣችሁ ያለውንም ጓል ትደፈጥጡታላችሁ። እፍኝ አፈር ጨብጡ፤ በጣት ነካ ስታደርጉት ከተፈረፈረ ቆፍሩ። እንደ ጭቃ ከተጣበቀ አካፋውን መልሳችሁ ቤት ግቡ።

መቆፈር የማይወድ ሰው ደግሞ ሌላ አማራጭ አለው። ኮምፖስቱን ከላይ ማልበስና መተው። የምድር ትሎች ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ይወስዱታል። ይህ ዓመታት ይፈጃል፤ የአፈሩን አቀማመጥ ግን አይረብሽም። እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ለአትክልት መደብ የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ቆፍሬ ቀላቀልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ከላይ ማልበስ ብቻ ነው። ሥራ የሚቀንስልኝን መንገድ ወደድኩ ብል ይቀለኛል።

ሥሩ ጥልቅ የሆነ ተክል ዘርቶ አፈሩን ማስቆፈርም ይቻላል። ረጅሙ ነጭ ራዲሽ ለዚህ የታወቀ ነው። ሥሩ ወደ ታች ወርዶ መሬት ውስጥ እንዳለ ሲበሰብስ ቀዳዳውን ትቶ ይሄዳል። ባቄላና አተር ዘርቶ አበባ ሲይዙ አጭዶ መሬት ላይ መተውም ጥሩ ነው። ሥራቸው ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ።

ተክልን በተመለከተ ሸክላ የሚስማማቸው ከምታስቡት በላይ ናቸው። ጽጌረዳ ውሃ እስካልተኛባት ድረስ ከባድ አፈር ትወዳለች። ጥቅል ጎመንና ዘመዶቹ ጠንከር ያለ መቆሚያ ስለሚፈልጉ ደስ ይላቸዋል። ዱባም አይከፋውም። ውሃ የሚተኛበት ጉድባ ካለ ካና አበባ፣ ጎደሬ ወይም ደንገል ትከሉበት። በተቃራኒው አቮካዶና ፓፓያ በሥራቸው ውሃ ሲቆም ከሁሉ ቀድመው የሚሞቱ ናቸው። ሮዝመሪና ላቬንደርም እግራቸው ሲረጥብ አይወዱም። ካሮት ይበቅላል፤ ግን ሹካ መስሎ፣ ተጣሞና ተሰንጥቆ ይወጣል። ካሮት ካማራችሁ አጫጭሩንና ክቡን ዝርያ ፈልጉ።

አሸዋማ ከሆነ

አሸዋ የሸክላ ግልባጭ ነው። ለመቆፈር ደስ ይላል፣ ቶሎ ይሞቃል፣ አየር አያጣም። ግን ወንፊት ነው። ውሃውም ማዳበሪያውም አብረው ይወርዳሉ።

እዚህም መፍትሔው ኮምፖስት ነው። በአሸዋ ውስጥ ግን ቶሎ ስለሚያልቅ ደጋግሞ መጨመር ግድ ይላል። ማዳበሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ብዙውን በአንድ ጊዜ አትስጡ። ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግሞ። ጉዝጓዝ ከየትኛውም አፈር ይልቅ እዚህ ይጠቅማል፤ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ፀሐዩን ከልሎ እርጥበቱን ያቆያል። ከግንዱ ግን ትንሽ አርቁት፤ እርጥብ ጉዝጓዝ የተጠጋበት ግንድ ይበሰብሳል።

በተክል በኩል አሸዋ ያለው ሰው ያስቀናኛል። ካሮት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ስኳር ድንች ይመቸዋል። ጦስኝ፣ ሮዝመሪ፣ ላቬንደር፣ እሬትና ቁልቋል ቤታቸው ነው። የማይሆነው እንደ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ያለ ውሃ ሳይቋረጥበት መኖር የሚፈልግ አትክልት ነው። ውሃ በየቀኑ የማጠጣት ትዕግሥት ካላችሁ ይሆናል። እኔ የለኝም።

አሲዳማ ወይስ ሌላ? የፒኤች ነገር

ተክላችሁ በቂ ውሃ፣ በቂ ማዳበሪያ እያገኘ አሁንም ከገረጣ ፒኤች፣ ማለትም የአፈሩ የአሲዳማነት መለኪያ፣ መጠርጠር አለበት። ፒኤችን ለሳይንስ ያስተዋወቀው የዴንማርኩ ኬሚስት ሶረንሰን ነው፤ በ1909 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። 7 መካከለኛ ነው። ከዚያ በታች አሲዳማ፣ በላይ አልካላይን። ልብ በሉ፦ አንድ ቁጥር ልዩነት አሥር እጥፍ ነው። 5 የሆነ አፈር 6 ከሆነው አሥር ጊዜ ይበልጥ አሲዳማ ነው። ስለዚህ «ከ8 ወደ 6 ዝቅ ላድርገው» ማለት ቀላል ይመስላል እንጂ መቶ እጥፍ መለወጥ ነው።

አብዛኛው አትክልት ከ6 እስከ 7 ባለው ውስጥ ይስማማዋል። ከዚህ ከራቀ ንጥረ ነገሩ አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ምልክቱን አንዴ ካያችሁት አትረሱትም፦ አዲስ የወጣው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ደም ሥሮቹ ግን አረንጓዴ ሆነው መረብ ይሠራሉ። በአልካላይን አፈር ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ የብረት እጥረት ነው። አሮጌው፣ ታች ያለው ቅጠል ቀድሞ ከገረጣ ግን ነገሩ ናይትሮጅን ሊሆን ይችላል።

አሁን ንጽጽሩ። አሲዳማ አፈርን ማቅናት ከባድ አይደለም። የተፈጨ የእርሻ ኖራ ይበተናል፣ ይቀላቀላል፣ ወራት ይጠበቃል። መጠኑ እንደ አፈሩ ዓይነት ስለሚለያይ በግምት ከመበተን የላቦራቶሪ ምርመራ ማሠራት ይሻላል። ናሙና ስትወስዱ ከጓሮው ከአምስት ስድስት ቦታ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አውጥታችሁ ቀላቅሉት።

አልካላይንን ማውረድ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ድኝ ይጨመራል፤ የአፈር ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ወደ አሲድ ይለውጡታል። አፈሩ ውስጥ ኖራ ካለ ግን የሚፈጠረው አሲድ ሁሉ በዚያው ይበላል። ኖራ መኖሩን ለማወቅ ደረቅ አፈር ላይ ኮምጣጤ አፍስሱ። ከተፍለቀለቀ አለ ማለት ነው፤ እንግዲህ እጅ ስጡ። ውጊያውን ትታችሁ ወይራ፣ በለስ፣ ላቬንደር፣ ሮዝመሪ፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ ምረጡ። የግድ ሰማያዊ እንጆሪ (ብሉቤሪ)፣ አዛሊያ ወይም ጋርዴኒያ ካማራችሁ በማሰሮ፣ ለአሲድ ወዳድ ተክል በተዘጋጀ አፈር ትከሉ። ሰማያዊ እንጆሪ ከ4.5 እስከ 5.5 ድረስ ዝቅ ያለ ነው የሚፈልገው።

ስለ ቡና አተላ ሁሌ ስለምጠየቅ፦ ያገለገለ አተላ እንደሚወራለት አሲዳማ አይደለም። አሲዱ አብዛኛው ከውሃው ጋር ወጥቷል። ኮምፖስት ውስጥ ጨምሩት፣ ግን ፒኤች ያወርድልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። የእንጨት አመድ ደግሞ ፒኤች ይጨምራል። አልካላይን አፈር ላይ አመድ የሚበትን ሰው እሳት ላይ ጭድ እየጨመረ ነው።

ጨው የበዛበትና ፍርስራሽ የተቀበረበት

ላይ ላዩ ነጭ ነገር ካወጣና የቅጠሉ ጫፍ እየተቃጠለ ከመጣ ጨው ጠርጥሩ። ጨው የሚወጣው በማጠብ ነው፤ ጨው በሌለው ውሃ ደጋግሞ በብዛት ማጠጣትና ወደ ታች ማውረድ። ውሃው መውረጃ ከሌለው ግን ማጠቡ ዋጋ የለውም። ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ ሽንኩርትና እንጆሪ ጨው አይችሉም። ቀይ ሥርና ቴምር ይችላሉ።

አዲስ በተሠራ ቤት ግቢ ውስጥ የሚገኘው አፈር ብዙ ጊዜ አፈር አይደለም። በመኪና የተደፈጠጠ፣ የሲሚንቶ ቁርጥራጭ የተቀበረበት፣ ለሙ ክፍል ተገፍቶ የሄደበት ነው። ሲሚንቶው ፒኤቹን ያንረዋል። ድንጋዩን ለቃቅማችሁ ሁለትና ሦስት ዓመት ኮምፖስት ማልበስ ይቻላል። የሚበላ ነገር ቶሎ ከፈለጋችሁ ግን በቀጥታ ወደ መደብ ሂዱ።

ቤቱ አሮጌ ከሆነና የግድግዳው ቀለም እየተላጠ ከወደቀ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ይገባ ነበር። ይኸው እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ጢስ ለዓመታት ሲወርድበት የኖረ የመንገድ ዳር አፈርም እንዲሁ ነው። ቅጠላ ቅጠልና የሥር አትክልት አፈሩን ይዘው ስለሚመጡ ከግድግዳው ሥር አትትከሏቸው። አበባ ይሁን።

መደብ ወይስ ማሰሮ

ቦታ ካለ መደብ። ብዙ አፈር ስለሚይዝ ቶሎ አይደርቅም፤ ሥርም እንደ ልቡ ይሄዳል። ቁመቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ ከ1.2 ሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ ከሁለቱም በኩል እጅ መሃሉ ድረስ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ትረግጡታላችሁ፣ የተረገጠ መደብ ደግሞ ትርጉም የለውም። አፈሩን ከመግዛታችሁ በፊት አስሉ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደብ 600 ሊትር ይውጣል። በመጀመሪያው ዓመትም ወደ ታች ስለሚቀመጥ መሙያ ያስፈልገዋል። ከመሙላታችሁ በፊት የታችኛውን መሬት በመቆፈሪያ ፈታ ፈታ አድርጉት።

ማሰሮ ለጠባብ ግቢ፣ ለደጃፍና ቤት ለሚቀያይር ሰው ነው። ከሸክላ የተሠራው በጎኑ ስለሚተነፍስ ቶሎ ይደርቃል፤ ለእሬትና ለሮዝመሪ ይስማማል። ፕላስቲክ እርጥበት ያቆያል፣ ይቀላል፤ ጥቁሩ ግን ፀሐይ ላይ ሥር ይቀቅላል። የጓሮ አፈር ብቻውን ማሰሮ ውስጥ አትሙሉ፤ በጥቂት ሳምንት ይደፈጠጣል። ከታች ጠጠር ማድረግም አይረዳም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ጠጠሩ እርጥቡን አፈር ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያደርቅም። የሚያስፈልገው ቀዳዳ ብቻ ነው።

ኮምፖስት፣ ፍግ ወይስ ሌላ

የበሰለ ኮምፖስት ይቅደም። ጥቁር፣ የሚፈረፈር፣ ከዝናብ በኋላ እንዳለ ጫካ የሚሸት ከሆነ ደርሷል። ጎምዛዛ ሽታ ካለው ገና ነው።

ፍግ ናይትሮጅኑ ጥሩ ነው፤ ትኩስ ከሆነ ግን ሥር ያቃጥላል፣ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንም ይይዛል። ትኩስ ፍግ ከገባ በኋላ አፈር የሚነካ አትክልት እስኪለቀም ቢያንስ 120 ቀን ይለፍ፤ አፈር ለማይነካው 90 ይበቃል። ብዙ ፍግ ደግሞ ጨው ያከማቻል። የዶሮ ከሆነ በተለይ እጃችሁን ሰብስቡ።

ሰጋቱራ አፈር ውስጥ አትቅበሩ። እንጨቱን የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዱና ተክሉ ይገረጣል። ከላይ እንደ ጉዝጓዝ ቢነጠፍ ግን ብዙም ጉዳት የለውም።

ችግኝ ስትመርጡ

ሁለት ችግኝ ቀርቦላችኋል። አንዱ ረጅም፣ አበባ የሞላው። ሌላው አጭር፣ ጠንካራ ቅጠል ያለው። አጭሩን ውሰዱ። ያበበው ጉልበቱን አበባው ላይ ጨርሷል፤ ትንሹ ግን ቶሎ ሥር ይሰድና ብዙ ጊዜ ደርሶበት ያልፈዋል። ሻጩ ከፈቀደላችሁ ከፕላስቲኩ አውጥታችሁ ሥሩን እዩት። ነጣ ያለና አፈሩን የያዘ ከሆነ ጤነኛ ነው። ቡናማና ለስላሳ ከሆነ መልሱት። ሥሩ እንደ ክር ኳስ ዙሪያውን ከተጠመጠመ ሌላ ፈልጉ፤ ከሌለ ስትተክሉ ጎን ጎኑን በቢላ ቁረጡትና ፈታ አድርጉት። አለዚያ መሬት ውስጥም እዚያው ይዞራል።

ጉድጓዱ ሥሩ ካለበት አፈር ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይስፋ። ጥልቀቱ ግን ከእሱ አይብለጥ። ግንዱ ወደ ሥር ሲሰፋ የሚታየው ቦታ ከአፈር በላይ መቅረት አለበት። ለዛፍና ለቁጥቋጦ የምትመልሱት ያንኑ ቆፍራችሁ ያወጣችሁትን አፈር ነው። ኮምፖስቱ ከላይ ይልበስ።

ሁለተኛዋን ሎሚ የተከልኩት በዚህ መንገድ ነው፤ አጥሩ ሥር፣ ውሃው በጥቂት ሰዓታት በሚደርቅበት ቦታ። እንደዚያም ሆኖ አላመንኩትም። ያንኑ ዋልካ ከብዙ ቅጠልና ኮምፖስት ጋር አድርጌ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ጎኑ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሰፊ ጉብታ ሠራሁ፤ እሷን አናቱ ላይ አስቀመጥኳት። ሦስት የዝናብ ወቅት አልፋለች። የድሮዋ ሎሚ የሞተችበት መሃል ላይ አሁን ካና አለ። ውሃው ሲተኛበት ይብስ ይፋፋል። ባለፈው ሳምንት ቅጠሉ ከወገቤ አልፎ መተላለፊያውን ስለዘጋብኝ ግማሹን ቆርጬ ለሎሚዋ ጉዝጓዝ አደረግኩላት።